ስለ ብላክ ሳባዝ የተገለበጠ መስቀል

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ የእንግሊዙን ሄቪ ሜታል ቡድን ብላክ ሳባዝን አዘውትሮ ያደምጣል፤ እኔ እናቱ ግን በመጀመሪያው አልበማቸው የውስጥ ሽፋን ላይ የተገለበጠ መስቀል ካየሁ ወዲህ ልቤ አላርፍ ብሎኛል። እነዚህ ሰዎች በእርግጥ ሰይጣንን ያመልኩ ነበርን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። መስቀሉን ሳያማክራቸው ያሳተመው የሙዚቃ አሳታሚያቸው እንደነበረ የቡድኑ አባላት ደጋግመው ተናግረዋል። አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1970፣ ዓርብ ዕለት ሲሆን፣ የቡድኑ ስምም የተወሰደው ከአንድ አስፈሪ ፊልም ነው። አብዛኛውን ግጥም የጻፈው ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ሲሆን፣ የአልበሙ መክፈቻ ዘፈን በጥቁር ጥላ የተሸበረ ሰው እግዚአብሔር እንዲረዳው ሲማጸን ያሰማናል፤ ይህ ለእኔ ፍርሃት እንጂ አምልኮ አይደለም። እንዲያውም በ1971 ባወጡት ሦስተኛ አልበም ውስጥ በእምነት የሚዘብቱትን የሚወቅስ ዘፈን አለ።

ሌላ መልስ፦ ስለ ብላክ ሳባዝ በተባለው እስማማለሁ፤ ሆኖም ሁሉም በአንድ ዓይን አይታይም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኖርዌይ የብላክ ሜታል (ከሄቪ ሜታል የወጣ ጽንፈኛ የሙዚቃ ዘርፍ) ተከታዮች አብያተ ክርስቲያናትን እስከ ማቃጠል ደርሰዋል፤ በርገን አጠገብ የነበረው ጥንታዊው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያንም በ1992 በእሳት ወድሟል። ስለዚህ ልጅዎ የሚያደምጠው የማንን ሙዚቃ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ግጥሞቹን ከልጄ ጋር አብረን እናነባለን።