ወደ ኤችዲ ካሜራ ከተሸጋገርን ወዲህ ምስላችን እየደበዘዘ ነው፤ ምን እናድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዜና ቡድናችን ለዓመታት በኤስዲ (በድሮው መደበኛ ጥራት) ሲቀርጽ ቆይቶ በቅርቡ ወደ ኤችዲ (ከፍተኛ ጥራት) ገባ። ካሜራዎቹ አዲስ ናቸው፤ ሌንሶቹ ግን ከድሮዎቹ የተነቀሉ። ቦታው ላይ በቪውፋይንደር (በካሜራው መመልከቻ) ስናየው ምንም አይልም። ኤዲቲንግ ክፍል ትልቁ ስክሪን ላይ ሲከፈት ግማሹ ደብዝዞ ይገኛል። ትናንት አንድ ሙሉ ቃለ ምልልስ ለአየር ሳይበቃ ቀረ። ሰውየውን ድጋሚ ማስቸገር ያሳፍራል። በዚያ ላይ እስከ ስርጭት መኪናው የዘረጋነው ኬብል ምስሉን ይቆራርጣል። ጥፋቱ የኛ ነው ወይስ የዕቃው?

ካሜራማን፦ አይዟችሁ፣ ብዙዎቻችን ያለፍንበት ነው። የሚደበዝዘው ዙም ስታደርጉ ነው ወይስ ስታሰፉ (ዙሙን ስትመልሱ)?

ጠያቂ፦ አሁን ደግሜ አየሁት። ዙም ላይ ጥርት ያለ ነው። ሲሰፋ ነው የሚበላሸው።

ካሜራማን፦ እንግዲያው ባክ ፎከሱ ነው፤ ማለትም በሌንሱና በካሜራው ሴንሰር መካከል ያለው ርቀት ማስተካከያ። ሌንሱ ከአዲሱ ካሜራ ጋር ገና አልተስማማም። አይሪሱን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፤ ብርሃን ከበዛ በኤንዲ ፊልተር (ብርሃን በሚቀንስ ማጣሪያ) ቀንሱት። 3 ሜትር ገደማ ላይ የፎከስ ቻርት (የምስል ጥራት መፈተሻ ሥዕል) አቁሙ። እስከ መጨረሻው ዙም አድርጋችሁ በፎከስ ቀለበቱ አጥሩት። ከዚያ እስከ መጨረሻው አስፉና፣ ፎከሱን ሳትነኩ፣ በባክ ፎከስ ቀለበቱ አጥሩት። ሁለቱም ጫፍ ላይ እስኪጠራ ደጋግሙ። ሲያልቅ የባክ ፎከስ ቀለበቱን ብሎን አጥብቋት። ኤስዲ ላይ ይሄ ስህተት ተደብቆ ይኖር ነበር። 720 በ576 ነጥብ የነበረው ምስል 1920 በ1080 ሲሆን ነጥቦቹ 5 እጥፍ ናቸው፤ መደበቂያ የለም። ቪውፋይንደሩ ላይ ፒኪንግ (የጠራውን ጠርዝ አጉልቶ የሚያሳየውን) አብሩ። ይህም ተደርጎ ጠርዙ ከደበዘዘ ሌንሱ ለኤችዲ አይሆንም፤ መቀየር ነው።

ቴክኒሺያን፦ ኬብሉን በተመለከተ፣ ኤስዲአይ (ምስሉ በኬብል የሚሄድበት ዲጂታል መስመር) በኤስዲ በሰከንድ 270 ሜጋቢት ነበር የሚሸከመው። በኤችዲ 1.485 ጊጋቢት ነው። ስለዚህ ያው ኬብል ድሮ የሚያደርሰውን ርቀት አያደርስም። አሳጥሩት፤ ካልሆነ ፋይበር (በብርሃን የሚያስተላልፍ ኬብል) ተጠቀሙ። የኬብሉ ጫፍ ማገናኛዎችም እንደ ኬብሉ 75 ኦም መሆናቸውን እዩ።

ኤዲተር፦ እኔ የምለምናችሁ አለኝ። በ4 ለ3 ቴሌቪዥን የሚያይ ተመልካች ካላችሁ፣ ግራና ቀኙ ሲቆረጥ ከ1920 ነጥብ የሚተርፈው መሃሉ 1440 ብቻ ነው። ተናጋሪውን ጥግ አታስቀምጡብን! የድሮ ዲቪ ቴፕ ስትቀላቅሉ ደግሞ ፊልድ ኦርደሩን (ምስሉ የሚከፈልባቸው የሁለቱ ግማሽ መስመሮች ቅደም ተከተል) አስተካክሉ። ዲቪ ከታችኛው ፊልድ ይጀምራል፣ ኤችዲ ከላይኛው። ካልተስተካከለ ሰው ሲራመድ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ጠያቂ፦ ኑሩልኝ። ባክ ፎከሱን 3ቱም ካሜራ ላይ ሠራነው። ሁለቱ ጠሩ። የሦስተኛው ጠርዝ እንደደበዘዘ ነው፤ ሌንስ እንዲቀየርልን ጠይቀናል። ሰውየውም ፈቅደውልናል፣ ቃለ ምልልሱን ነገ ጠዋት እንደግማለን።