ጨለማ የዋጠውን መካከለኛ ክፍል በቀን ብርሃን ማብራት ይቻላል?

ጥያቄ (ከደሴ)
ቤታችን ከጦሳ ተራራ ግርጌ ተዳፋት ላይ የተሠራ ስለሆነ የጀርባው ግድግዳ ከአፈር ጋር ተያይዟል፤ ግራና ቀኙም ከጎረቤት ቤቶች ጋር የተጣበቀ ነው። በዚህ ምክንያት መካከለኛው ክፍል መስኮት የለውም፤ እናቴ በእኩለ ቀን ምስር ለመልቀም እንኳ አምፖል ታበራለች፣ መብራት ሲጠፋም ሰፌዷን ይዛ በረንዳ ትወጣለች። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ብርሃን የሚያገኝ የበረሃ ተክል እንዳለ አንብቤአለሁ። ዘዴው ለቆርቆሮ ቤት ይሠራ ይሆን?

መልስ 1
ተክሉ ፌኔስትራሪያ ይባላል፤ ስሙ መስኮት ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን፣ የሚበቅለው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ ደረቅ ምድር ነው። ከአሸዋው በላይ የሚታየው ብርሃን አሳላፊ የሆነው የቅጠሉ ጫፍ ብቻ ነው፤ በዚያ የገባው ብርሃን ውሃ ባዘለው የቅጠሉ እምብርት እየተበተነ ወርዶ፣ ከውስጥ በኩል ዙሪያውን የተለበጠውን አረንጓዴ ክፍል ያገኛል። ስለዚህ ቁም ነገሩ ቀዳዳው ሳይሆን ብርሃኑ ከገባ በኋላ የሚሄድበት መንገድ ነው። እርስዎም ከጣሪያው እስከ ኮርኒሱ የሚወርድ ሳጥን አሠርተው ውስጡን ነጭ ቢያስቀቡ፣ ከሥሩም እንደ ድሮው ኮርኒስ አቡጀዲ ቢወጥሩበት፣ ብርሃኑ አንድ ቦታ ላይ ሳይወድቅ ክፍሉን ያዳርሳል። ግድግዳውን ኖራ ማስቀባት አይርሱ።

መልስ 2 (ከኮምቦልቻ)
እኔ አንድ ቆርቆሮ አንስቼ በፕላስቲክ ቆርቆሮ ተክቼ ነበር። ክፍሉ በራ፤ ነገር ግን በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቀምጥም፣ ፕላስቲኩም ውሎ አድሮ ቢጫ ሆነና በምስማሩ ዙሪያ ተሰነጠቀ፤ ክረምቱን ባልዲ ደቅነን አሳለፍነው። ስለዚህ ሳጥኑን ከጣሪያው በላይ ከፍ አድርገው ብርሃን የሚያስገባውን የመስኮት መስታወት በጎኑ ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት ይሻላል። አካባቢያችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 55 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ትላለች። ለደሴ ብርድ ወደ ደቡብ የዞረ መስታወት በበጋው ወራት ሙቀትም ያስገባል። ለእኛ ለኮምቦልቻዎቹ ሰሜን ይበቃናል።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በደቡብ በኩል የጎረቤት ፎቅ ስለሚከልለን፣ ፀሐይም በጦሳ ጀርባ ቀድማ ስለምትጠልቅብን፣ መስታወቱን ወደ ምሥራቅ ለማዞር አስቤአለሁ። ትናንት ለሙከራ አንድ ቆርቆሮ አስነስተን አቡጀዲ ወጠርንበት፤ እናቴ ገብታ መጀመሪያ ያየችው በግድግዳው ላይ የተጋገረውን ጥቀርሻ ነው።