ኦዱ ላይ ዋናው ኮድ ተነካክቶ ነው የተረከብኩት፣ እንዴት ልውጣ?

መጋዘን21፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የግንባታ ዕቃ አስመጥቶ የሚያከፋፍል ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ግዢው፣ መጋዘኑ፣ ሽያጩ፣ ሒሳቡ፣ ሁሉም ኦዱ ኮሚዩኒቲ 14 በሚባለው የድርጅት ሥራ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ላይ ነው። መጀመሪያ የገጠሙልን ሰዎች የጠየቅነውን ሁሉ ሠርተውልናል፤ የደንበኛው ቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ኢንቮይስ ላይ እንዲወጣ፣ የዊዝሆልዲንግ (ከክፍያ ላይ ቀድሞ የሚቀነስ ግብር) ስሌት፣ በኢትዮጵያ ቀን የሚታተም የመጋዘን ወረቀት። ችግሩ ሁሉንም የጻፉት ዋናው ኮድ ውስጥ ገብተው ነው። የራሱ ሞጁል፣ ማለትም ለብቻው የሚጫን ክፍል፣ የሚባል ነገር የለም።

ባለፈው ሳምንት ኮፒ ዳታቤዝ ላይ ወደ 17 ለማሳደግ ሞከርኩ። አንድ የቆየ ኢንቮይስ ከፈትኩ። ድምሩ አለ፣ 15 በመቶ ቫቱ አለ፣ ከሥሩ የነበረው የዊዝሆልዲንግ መስመር ግን ጠፍቷል። በጣም ነው የደነገጥኩት። አለቃዬ "ሁሉንም ትተን ከዜሮ እናሠራ" እያለ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ባለሞጁል፦
ወንድሜ፣ ከዜሮ አትጀምሩ። ኦዱ የተሠራው እየገጣጠሙ እንዲጠቀሙበት ነው። ሽያጭ አንድ ሞጁል ነው፣ ስቶክ ሌላ ሞጁል ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኘውም ራሱን የቻለ ሞጁል ነው። "ሴል ስቶክ" የሚለውን ፎልደር ክፈትና ቁጭ ብለህ አንብበው፣ ከየትኛውም ኮርስ የበለጠ ያስተምርሃል።

መጀመሪያ የተነካውን ለይ። ንፁሁን 14 ከጊትሃብ አውርድና ሰርቨራችሁ ላይ ካለው ጋር ዲፍ አድርገው፣ ማለትም ልዩነታቸውን አውጣ። ግን በተጫነላችሁ ጊዜ አካባቢ የነበረውን ኮሚት (የኮዱን የዚያን ጊዜ ቅጂ) ውሰድ፣ ያለዚያ ኦዱ ራሱ ያወጣቸው ጥገናዎች ከእናንተ ለውጥ ጋር ይደባለቁብሃል። እኔ እንዲህ ዓይነት ሥራ ስረከብ መቶ ፋይል የሚሆን መስሎኝ ነበር፣ ሲጣራ ዘጠኝ ሆኖ አገኘሁት።

ከዚያ አንድ በአንድ አውጣው። ፊልድ (የመረጃ መሙያ ቦታ) ከሆነ በኢንሄሪት፣ ማለትም ዋናውን ወርሰህ፣ ትጨምረዋለህ። ስሌት ከሆነ ፈንክሽኑን ወርሰህ ሱፐርን (የዋናውን ስሌት) ትጠራና የራስህን ከላዩ ትጨምራለህ። ስክሪን ከሆነ በኤክስፓዝ ቦታውን ጠቁመህ ታስገባለህ። ዋናው ፋይል ንክች አይባልም።

አንድ ነገር አደራ። የፊልዱን ስም እንዳትቀይር። አዲሱን ሞጁልህን በዚያው ስም ቀድመህ ጫን፣ ዋናውን ኮድ በንፁሁ የምትተካው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ካዞርከው ኦዱ ሞጁሉን ሲያድስ ባለቤት ያጣውን ፊልድ ከነዳታው ከፖስትግሬስ ዳታቤዙ ሊጠርገው ይችላል። ይህ ሁሉ 14 ላይ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላ ነው ወደ 17 የምታስበው። ኮፒ ላይ ሁለት ሦስቴ ሳትሞክር ዋናውን አትንካ።

የሒሳብ_ልጅ፦
እኔ ከሒሳብ ክፍል ነው ወደዚህ ሥራ የመጣሁት። ስሌቱን ስታወጣ ቁጥሩን ኮድ ውስጥ እንዳትተወው እለምንሃለሁ። 2017 ሐምሌ ላይ የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። እኛ ጋ መጠኖቹ ሰንጠረዥ ውስጥ ነበሩ፣ ደመወዝ የምትሠራው ልጅ ራሷ ከሚጀምሩበት ቀን ጋር አስገባቻቸው። የድሮዎቹ ወራት እንዳሉ ቀሩ። አንድ የማውቀው ድርጅት ግን ቁጥሩ አራት ቦታ ኮድ ውስጥ ተጽፎ ስለነበር ደመወዝ ቀን ደርሶ የጻፈውን ልጅ ፍለጋ ገቡ።

ቀኑንም ዳታቤዝ ውስጥ በፈረንጁ ተወው፣ የሚቀየረው ስክሪን ላይ ሲታይና ሲታተም ብቻ ይሁን። የሒሳብ ዓመት መዝጊያውን ጁላይ 7 በለው፣ ሰኔ 30 ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚውለው፤ ወዲያ ወዲህ የሚለው መስከረም 1 ነው። ለወርሃዊ ቫት ደግሞ የኦዱ ኮሚዩኒቲ ማኅበር ያወጣው "ዴት ሬንጅ" የሚባል ነፃ ሞጁል አለ። ጥር፣ የካቲት እያልክ መነሻና መድረሻ ቀኑን ታስገባለህ፣ ሪፖርቱ በዚያ ይጣራል።

ሰርቨር_ጠባቂ፦
ሁለቱም ያሉት ልክ ነው፣ ግን ብዙም አትበጣጥሰው። እኛ ለእያንዳንዷ ቁልፍ አንድ ሞጁል እያልን 40 ደረስን። የሞጁሉ መግለጫ ፋይል፣ ማኒፌስቱ፣ ላይ ያለው ዲፔንድስ (የሚደገፍባቸው ሞጁሎች ዝርዝር) እንደ ሸረሪት ድር ተጠላለፈ፣ አንዱን ስናድስ ሦስቱ ይወድቁ ነበር። አሁን 6 ናቸው። ለመለየት የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ባይጫን ሌላው ይሠራል ወይ? የዊዝሆልዲንግ ሞጁሉ ሳይኖር የመጋዘን ወረቀቱ መታተም አለበት። ካልታተመ አከፋፈሉ ልክ አይደለም።

ለዊዝሆልዲንጉ ቴስት ጻፍለት። አንድ ኢንቮይስ ፈጥሮ ድምሩን የሚያረጋግጥ 20 መስመር ይበቃል።

ሌላው፣ ለቲን አዲስ ፊልድ አያስፈልግህም። የደንበኛው ገጽ ላይ ኦዱ ራሱ ያስቀመጠው የታክስ መለያ ፊልድ አለ፣ ኢንቮይሱ ላይ እሱን ማውጣት ነው።

መጋዘን21፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዲፉን ዛሬ አወጣሁት፣ 14 ፋይል ነው። ቲኑ እውነትም ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ ግማሹ ደንበኛ በኦዱ ፊልድ፣ ግማሹ እነሱ በጨመሩት። ዳታው አንድ ቦታ መሰብሰብ ስላለበት ከሱ ጀመርኩ። ለአለቃዬ ዝርዝሩን አሳይቼው የአንድ ወር ጊዜ ሰጥቶኛል። ዊዝሆልዲንጉን አውጥቼ ኮፒው ላይ ስጭን ያጋጠመኝን እዚሁ እጽፋለሁ።