የድሮ ዲቲ 125 በፊት ጥርሱ በኩል የካምቢዮ ዘይት ያፈሳል፤ ሳላስከፍት ይስተካከላል?

ጥያቄ፦ ከአቀስታ

ሰላም ለሁላችሁ። ለጋምቦ ውስጥ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞርኩ ከብት አክማለሁ። የምነዳው ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ባለ ሁለት ምት፣ በአየር የሚቀዘቅዘው የድሮው። ከክረምቱ ወዲህ ባቆምኩበት ሁሉ በግራ በኩል ዘይት ይንጠባጠባል። የፊት ጥርሱ (ካቴናውን የሚያዞረው) ክዳን ሥር ዘይትና ጭቃ ተለውሶ ጠጥሯል፤ አሁን ደግሞ የኋላ ጎማው ጎንም ዘይት መንካት ጀምሯል። የሚያስፈራኝ እሱ ነው፣ ወደ ደሴ ስወርድ መታጠፊያው ብዙ ነው።

አንድ ሰው አይቶልኝ «ጓርኒሲዮኑ (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈት» አለኝ። ሌላው በሲሊኮን ይደፈን ይላል። ጉልበቱ እንደ ድሮው ነው፣ ጭሱም አልተለወጠም። ሥራዬ ሁሉ በሱ ስለሆነ ብዙ ላቆመው አልችልም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ከወልድያ

እህቴ፣ እኔ በሲሊኮን አስደፍኜ እየነዳሁ ነው። በቤንዚን በደንብ ካጸዱት ይይዛል። ለጊዜው ሥራሽን አያስቆምሽም።

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ መካኒክ

አብሽሪ እህቴ፣ እንደነገርሽን ከሆነ ሞተሩ የሚከፈት አይመስለኝም። በባለ ሁለት ምት የሲሊንደሩ ዘይትና የካምቢዮው ዘይት አይገናኙም፤ የካምቢዮው ጥርሶቹንና ፍሪሲዮኑን ብቻ ነው የሚያለሰልሰው። ጭሱና ጉልበቱ ካልተለወጠ ደህና ምልክት ነው። የካምቢዮው ዘይት እየጎደለ ውጭ ላይ ምንም ባይታይ፣ ማርሚታውም ነጭ ጭስ አልተው ቢል ግን በቀኝ በኩል ያለው የክራንክ ኦይል ሲል (በዘንግ ዙሪያ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዝ የጎማ ቀለበት) ተበልቶ ሞተሩ ዘይቱን እየሳበ ያቃጥለዋል ማለት ነው። ያኔ ነው ሞተር ስለመክፈት የሚወራው።

የወልድያው ወንድሜ አይቀየመኝ፣ በሚሽከረከር ዘንግ ዙሪያ ሲሊኮን አይይዝም። ለማይንቀሳቀስ መጋጠሚያ ቢሆን እሺ። እዚህ ግን ዘንጉ ይልጠዋል፣ በኋላም ለሚሠራው ሰው ፍቆ ማጽዳቱ መከራ ነው።

ከሁሉ በፊት እጠቢው። ናፍጣ በብሩሽ፣ ቀጥሎ ሳሙናና ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። የፊት ጥርሱን ክዳን አውልቂና አካባቢውን ሁሉ የሕፃን ፓውደር ነስንሺበት። ትንሽ ነድተሽ ተመለሽና እዪው፤ ዘይቱ ከየት እንደጀመረ ፓውደሩ ላይ ይታያል። ይሄን የምልሽ ዘይት የሚንጠባጠብበትና የሚወጣበት ቦታ አንድ ስላልሆነ ነው፤ ይወርዳል፣ ካቴናውም ይረጨዋል። በግራ በኩል ከፊት ጥርሱ ዘንግ፣ ከካምቢዮ መርገጫው ዘንግ፣ ሞዴሉ ካለው ከፍሪሲዮን መግፊያው፣ ከታችም ከማፍሰሻው ቡሎን ሊወጣ ይችላል። ካቴናውን በቅርብ ዘይት ቀብተሽው ከሆነም እሱን ጠርጥሪ።

በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የፊት ጥርሱ ዘንግ ነው። ቤንዚኑን ዝጊና ሞተር ሳይክሉን ወደ ቀኝ አጋድመሽ አስደግፊው፤ ዘይቱ ወደዚያ ስለሚሄድ ሁሉንም ማፍሰስ ላያስፈልግሽ ይችላል። ጥርሱ በትልቅ ዳዶ የታሰረ ከሆነ የታጠፈውን ራንዴላ አቅኚ፤ ካቴናው ሳይወልቅ ሰው የኋላ ፍሬን ይርገጥልሽና ፍቺው። ሁለት ትናንሽ ቡሎን ያለው ሳህን ከሆነማ ቀላል ነው።

ጥርሱ ሲወጣ ከኋላው ዘንጉ ላይ የተሰካ የብረት ቡሽ አለ። የዚህ ዘንግ ኦይል ሲል ከንፈሩ የሚያርፈው በዚህ ቡሽ ላይ እንጂ በዘንጉ ላይ አይደለም። ከቡሹ ሥር ደግሞ ቀጭን የጎማ ኦሪንግ አለ። ብዙ ሰው ሲሉን ቀይሮ ኦሪንጉን ይረሳዋል። ዘይቱ በቡሹና በዘንጉ መሃል መውጣቱን ይቀጥላል፣ ከዚያ «አዲሱ ሲል ፎርጅድ ነው» ተብሎ ሻጩ ይታማል። ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሪ።

አሮጌውን ሲል በትንሽ ካቻቢቴ ስትፈለቅቂ ዘንጉንም የተቀመጠበትን አሉሚኒየምም እንዳትጭሪ። አንዳንድ ሞተር ላይ ሲሉ ከውስጥ ጠርዝ ስላለው ከውጭ አይወጣም፤ እንቢ ካለ አትታገይው፣ አምጪው። አዲሱን ከንፈሩን ግራሶ ቀብተሽ፣ ሞላው የሚታይበትን ፊት ወደ ውስጥ አድርገሽ፣ በዳሩ ላይ እኩል በሚያርፍ ቡሶላ ቀስ እያልሽ አስገቢው።

መልስ፦ ከደሴ

ሲሉን «የዲቲ» ብለሽ ብቻ አትጠይቂ። አሮጌው ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት፣ በሚሊ ሜትር። እሱን ይዘሽ ኩሽኔታ ከሚሸጥበት ሱቅ ሂጂ፤ የማንም ሞተር ይሁን ልኩ ከገጠመ ይሆናል። ኦሪንጉንም ናሙናውን ይዘሽ ነይ።

መልስ፦ ከሐይቅ

አንድ የተረሳ ነገር ልጨምር። ካምቢዮው የሚተነፍስበት ቀጭን ቱቦ አለው። ጭቃ ከደፈነው ሞተሩ ሲሞቅ ውስጡ ግፊት ይፈጠርና ደህናውንም ሲል ያስተፋዋል። አንቺ ከክረምቱ ወዲህ ስላልሽ ቱቦውን ፈትተሽ እፍ በይበት። ከልክ በላይ የተሞላ ዘይትም እንደዚያው ነው።

ጠያቂዋ፦ ከአቀስታ

አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። የሐይቁ ወንድሜ እንዳልከው ቱቦው ጫፉ ላይ ጭቃ ይዞ ደርቋል፤ አጸዳሁት። ፓውደሩም የጠቆረው በፊት ጥርሱ ዘንግ ዙሪያ ነው፣ መርገጫው ደረቅ ነው። ጥርሱን አወጣነው። ኦሪንጉ ደርቆ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ስነካው ተሰበረ። ቡሹ ላይ ግን ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ዙሪያውን ጥፍር የሚይዝ መስመር ተቆፍሯል። ሲልና ኦሪንግ ከደሴ አስመጥቻለሁ፣ ቡሹ ግን የለም። በዚሁ ልግጠመው?

መልስ፦ ከኮምቦልቻ፣ መካኒክ

ጥፍር ከያዘ እንዲሁ አትግጠሚው፣ አዲሱን ሲል ይበላዋል። ቡሹ ሁለት ጫፉ አንድ ዓይነት ከሆነ ገልብጪው፤ ከንፈሩ ያልተበላ ቦታ ካገኘ ተገላገልሽ። ኦሪንጉ የሚቀመጥበት ስርጉድ በአንድ ጫፍ ብቻ ካለ ግን አይገለበጥም። ያኔ ሲሉን ከበፊቱ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ አስቀምጪው፣ ቦታ ካለውና ጥርሱን ካልነካ። ሁለቱም ካልሆነ ቡሹን ላኪልኝ፤ እዚህ ቶርኖ ቤት በልኩ አዲስ ይወጣል።

ዘይቱን በሚመለከት ለእርጥብ ፍሪሲዮን የሚሆን የሞተር ሳይክል ዘይት ይሁን፣ ቆርቆሮው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚል ያለው። የመኪና ካምቢዮ 90 ዘይት አታድርጊበት፤ በአቀስታ ብርድ ጠዋት ፍሪሲዮኑ ተጣብቆ አልለቅ ይልሻል። የዘይቱን ልክ ሞተሩን አጥፍተሽ፣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገሽ አቁመሽው እዪ። የማፍሰሻውን ቡሎን ከነካሽው ራንዴላውን ቀይሪ እንጂ በጉልበት አታጥብቂው፣ የቀዳዳው ጥርስ አሉሚኒየም ስለሆነ ይላጣል።

የኋላ ጎማውን ደግሞ ዛሬውኑ በሳሙና እጠቢው፤ ፍሬኑ ከበሮ ውስጥም ዘይት ገብቶ እንደሆነ ጎማውን አውጥተሽ እዪ። የሐረጎን ቁልቁለት ያለ ኋላ ፍሬን እንዳትወርጂ።