አስቸኳይ፦ ፒኤችፒማይአድሚን አልከፍት አለኝ፣ ሌላ ምን ሶፍትዌር ልጠቀም?

የቡሬው፦
ወገን ድረሱልኝ። ከሰዓት መብራት ቦግ እልም ሲል ቆይቶ ጭራሽ ጠፋ። ሲመጣ ዳታቤዜን የማይበት ፒኤችፒማይአድሚን አልከፍት አለ። 2002 የሚል ቁጥር ያሳየኛል። ከ4 ሺህ በላይ ገበሬ ስም ከነማዳበሪያ ድርሻው እዚያ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ዩሪያ ማደል እንጀምራለን ተብሎ ለየቀበሌው ተነግሯል። ይሄን የሚተካ የዳታቤዝ ሶፍትዌር ጠቁሙኝ፣ አሁኑኑ አውርጄ ልጫን። ኔቱ እየተንቀራፈፈ ስለሆነ ቀለል ያለ ይሁን።

ጮቄ፦
ዊንዶውስ ነው? ሰርቨሩንና ዳታቤዙን አንድ ላይ የሚጭነው ዛምፕ ነው? ባክአፕስ አለህ? «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም የሚል በሽተኛ ሆንክብን እኮ።

የቡሬው፦
አዎ ዛምፕ፣ ዊንዶውስ 10። ባክአፕ ሚያዝያ ላይ አንዴ ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ። ፍላሹን ግን ጓደኛዬ ለሰርግ ዘፈን ወስዶታል።

የደጀን ልጅ፦
ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርገው።

መምህር ነኝ፦
ልጄ፣ ከመሠረቱ ብትረዳው ጥሩ ነው። መረጃን በሰንጠረዥ አስቀምጦ ሰንጠረዦቹን በቁልፍ ማገናኘት የአይቢኤሙ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው ሐሳብ ነው። ደግሞ ዛምፕ ውስጥ ያለው የዳታቤዝ ሰርቨር ማይኤስኪውኤል ይባል እንጂ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ማሪያዲቢ ነው። «ማይ» የመሥራቹ የትልቋ ልጁ ስም ነው፣ ማሪያ ደግሞ የትንሿ።

ጮቄ፦
መምህር፣ ገበሬው ነገ የሚሰለፈው ለዩሪያ ነው፣ ለልጆቹ ስም አይደለም።

ፈጣን መልስ፦
ቀላል ነው። ዳታ የሚለው ፎልደር ግባና አይቢዳታ1 የሚለውን ፋይል ሰርዘው። እኔ ጋ ሠርቷል።

ሰላም ከማርቆስ፦
እንዳትነካው! ያንን ፋይል ሰርዘው ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ። የሰንጠረዦቹ ስም ይታይሃል፣ ስትከፍታቸው ግን «የለም» ይልሃል።

የቡሬው፣ ተረጋጋና ስማኝ። ፒኤችፒማይአድሚን የጎተራው በር ነው። እህሉ ያለው ማሪያዲቢ ውስጥ ነው። 2002 ማለት በሩ ጎተራውን አጣው ማለት ነው፣ ሰርቨሩ አልተነሣም። ሌላ ሶፍትዌር ብትጭንም ያው ነው የሚልህ።

መጀመሪያ ከዛምፕ ውስጥ ማይኤስኪውኤል የሚለውን ፎልደር ክፈት። በውስጡ ያለውን የዳታ ፎልደር እንዳለ ወደ ሌላ ቦታ ቅዳው። ሳትቀዳ ምንም አትንካ። ከዚያ እዚያው ዳታ ውስጥ ኤረር የሚል ስም ያለው የሎግ ፋይል አለ፣ በኖትፓድ ክፈተውና መጨረሻውን አንብብ። ሰርቨሩ የሚሰማበት ወደብ 3306 ተይዟል ካለ ሌላ ፕሮግራም ቀድሞሃል፣ ዳታህ ደህና ነው። አሪያ (የማሪያዲቢ አንዱ ዳታ ማስቀመጫ ክፍል) ሪከቨሪ አልተሳካም ካለ አሪያ ሎግ ብለው የሚጀምሩትን ፋይሎች ብቻ ወደ ዴስክቶፕ አንሣቸውና ዛምፕ ላይ ስታርት በለው፣ እንደ አዲስ ይፈጥራቸዋል። ኢኖዲቢ (ሌላው ዳታ ማስቀመጫ ክፍል) እያለ የሚያማርር ከሆነ ማይ ዶት አይኒ በሚባለው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ኢኖዲቢ ፎርስ ሪከቨሪን 1 አድርገህ አስነሣውና ወዲያው ኤክስፖርት አድርግ። ቁጥሩን ከ3 እንዳታሳልፍ፣ ከ4 ጀምሮ ራሱ ዳታህን ሊያበላሽ ይችላል።

የደጀን ልጅ፦
ሪስታርት አደረግከው ወይ?

አባይ ማዶ፦
እኔ የማይገባኝ፣ 4 ሺህ ስም ምን ዳታቤዝ ያስፈልገዋል? ኤክሴል 1,048,576 መስመር ይይዛል። ሥራ ፈጥራችሁ ነው።

የቡሬው፦
ወንድሜ፣ ሦስት ሆነን ነው የምንመዘግበው። አምና በኤክሴል ነበር። አንዱ ገበሬ በሁለት ፋይል ተመዝግቦ ሁለቴ ወሰደ፣ ሌላው ባዶ ጆንያውን ይዞ ተመለሰ። የተሰደብኩት እኔ ነኝ። ሰላም፣ እየቀዳሁ ነው፣ 6 ደቂቃ ይላል።

ፈጣን መልስ፦
እኔ ጋ ግን ሠርቷል።

ሰላም ከማርቆስ፦
ባዶ ዳታቤዝ ስለነበረህ ነዋ።

እስኪቀዳ ድረስ ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ልመለስ። ዊንዶውስ ላይ ላለ ሰው እኔ ሃይዲኤስኪውኤልን ነው የምመክረው። ነፃ ነው፣ ለደከመ ላፕቶፕም ይቀላል። ፒኤችፒማይአድሚን ትልቅ ፋይል ኢምፖርት ስታደርግ በመጠኑ ገደብ ያስቆምሃል፣ ሃይዲ ግን ፋይሉን ሳይከፍት ያስኬደዋል። ዲቢቨር ብዙ ዓይነት ዳታቤዝ በአንድ ላይ ለሚያይ ሰው ግሩም ነው፣ ግን ራም ይበላል። ዎርክቤንች ለማይኤስኪውኤል የተሠራ ስለሆነ ማሪያዲቢ ላይ ስትገባ ማስጠንቀቂያ እያወጣ ይነዘንዝሃል። የትኛውንም ብትመርጥ ሰንጠረዦቹ ዩቲኤፍ8 (አማርኛን የሚይዘው የፊደል ኮድ) መሆናቸውን እይ፣ አለዚያ የገበሬው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ጮቄ፦
የጥያቄ ምልክት የሆነ ገበሬ ዩሪያ ይደርሰዋል?

መምህር ነኝ፦
ፖስትግሬስ የሚባለውንም ዳታቤዝ መዘንጋት የለብንም።

የቡሬው፦
ሰላም ተባረኪ!! ሎጉ አሪያ ነው የሚለው። ፋይሎቹን ዴስክቶፕ ላይ አነሣኋቸው፣ ስታርት ስለው አረንጓዴ ሆነ። ስሞቹም አሉ፣ አማርኛው እንዳለ ነው። ግን መብራቱ አሁንም ሄደ፣ ባትሪዬ 9 ፐርሰንት ነው።

ሰላም ከማርቆስ፦
ሌላውን ተውና አሁኑኑ ኤክስፖርት አድርግ! ከዚያ ማሪያዲቢውን ስቶፕ ብለህ፣ ላፕቶፑን በወጉ ዝጋው። ባትሪው ራሱ ሞቶ ከጠፋ ያው ከሰዓት የሆነው ይደገማል። የወጣውን ፋይል ፍላሽ ላይ አድርገው።

አባይ ማዶ፦
ኤክሴል ቢሆን ኖሮ...

ሰላም ከማርቆስ፦
የቡሬው? ኤክስፖርቱ አለቀ?

የደጀን ልጅ፦
ሪስታርት እያደረገ ይሆናል።

ጮቄ፦
ፍላሹን ፍለጋ ሰርግ ቤት ሄዷል።