የድራሙ ድምፅ ድምፃዊቷን ዋጠብን፤ እባካችሁ እርዱን

አምስት ሆነን አዲስ ዘፈኖቻችንን ገጠር በሚገኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ እየቀዳን ነው። ግድግዳው እንጨት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ድምፃዊቷ ስታዜም ማስተጋባቱ ልብ ይነካል። ሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ግን የድራሙ ሲምባል (የብረት ሳህኑ) ድምፅ ማይክሮፎኗ ውስጥ ገብቶ ቃሏን ይሸፍናል። ማይክሮፎኑ ካርዲዮይድ (ከፊት የሚመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ከጀርባ የሚመጣውን ብዙም የማይቀበል) በመሆኑ ጀርባውን ወደ ድራሙ አዞርነው፤ ወፍራም ብርድ ልብስም ሰቀልን። ሲምባሉ ጥቂት ቀነሰ። ትልቁን ከበሮ ግን ጨርቅ አያግደውም፤ እንደ እሱ ያለ ወፍራም ድምፅ፣ ለምሳሌ የ50 ሄርዝ፣ የሞገዱ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ለየብቻ መቅዳቱን አንፈልግም፤ አብሮ የመጫወቱ ሙቀት ከጠፋ ዘፈኑም የእኛ አይሆንም። ድራሙን የት እናስቀምጠው? ከግድግዳው ምን ያህል ይራቅ? ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ንገሩን፤ መጋዘኑን ልንለቅ 4 ቀን ብቻ ቀርቶናል።