ሴሊካዬ ላይ ናይትረስ ልግጠም? በዚህ በድሬ ሙቀት?

ቀይ ሴሊካ (ጠያቂ)፦
ጀመዓ ሰላም ነው? 2001 ሞዴል ቶዮታ ሴሊካ አለችኝ። ማኑዋል ካምቢዮ፣ ሞተሯ 1.8፣ 1ዜድዜድ የሚባለው። ለእሁድ ብቻ የምትወጣ መኪና አይደለችም። በየቀኑ ከሳቢያን ከዚራ ሥራ እሄድባታለሁ። ቅዳሜ ደግሞ እናቴን ለማየት ሐረር እወጣለሁ።

የአክስቴ ልጅ ከዱባይ የናይትረስ ኪት አመጣልኝ፤ ሞተር ውስጥ ጋዝ እየረጨ ለጊዜው ጉልበት የሚጨምረውን ማለቴ ነው። ጋዙንም ቤንዚኑንም አብሮ የሚረጨው ዓይነት ነው። ቦምቦላው ባዶ ነው፤ ሲሞላ 4 ኪሎ ተኩል ገደማ ይይዛል። ካርቶኑ ላይ 50 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል ይላል።

ሦስት ነገር ንገሩኝ። ሞተሩ ይችለዋል? ቦምቦላውን በዚህ ሙቀት ፖርታባጋሊ ውስጥ ማስቀመጥ አያስፈራም? ሦስተኛው፣ አንድ በያጅ «ናይትረስ ካጣህ ኦክስጅን እሞላልሃለሁ፣ ያው ነው» አለኝ። እውነት ያው ነው?

ውድድር ምናምን ውስጥ የለሁበትም። በሐረር መንገድ የደንገጎን ዳገት ስወጣ የጫት አይሱዙ ከኋላዬ ጡሩምባ ሲነፋብኝ ነው ደሜ የሚፈላው።

እሳትና ብረት፦
ሌላው ይደርሳል፣ ሦስተኛውን ልመልስ። ኧረ በፈጠረህ፣ ያው አይደለም! እኔም በያጅ ነኝ። ግሪስ በነካ እጅህ ሬጉሌተር እንዳትነካ ብዬ ረዳቴ ላይ በየቀኑ የምጮኸው ለጨዋታ አይደለም። ግፊት ያለው ንጹህ ኦክስጅን ዘይት ካገኘ ክብሪት አይፈልግም። ሞተር ደግሞ ውስጡ ዘይት ነው። በዚያ ላይ የእኛ ቦምቦላ ሲሞላ ግፊቱ 150 ባር አካባቢ ነው። ያንተ ዕቃ የሚሠራው በ60ና በ70 ባር ነው። ያንን የነገረህን ሰው ሁለተኛ አታማክረው።

ከዱባይ ተመላሽ፦
በያጁ ልክ ነው፣ ምክንያቱን ልጨምርበት። ናይትረስ ውስጥ ኦክስጅኑ ከናይትሮጅን ጋር ታስሮ ነው የሚመጣው። የሚፈታው 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ማለትም ሲሊንደር ውስጥ። በክብደት 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ የምንተነፍሰው አየር 23 በመቶ ገደማ። አብሮት ያለው ናይትሮጅን ቃጠሎውን ያለዝበዋል። ንጹህ ኦክስጅን ግን ፍሬን የለውም።

ጋዙ ራሱ አይቀጣጠልም። ሥራው ተጨማሪ ቤንዚን እንዲቃጠል ማድረግ ነው። ስለዚህ ጋዙ ገብቶ ቤንዚኑ ካነሰ ፒስቶን ይቀልጣል። ናይትረስ ሞተር በላ ሲባል ከሰማህ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ ይኸው ነው።

ወደ ሙቀቱ ልምጣ። ዱባይ ይህንኑ ስገጥም ኖሬያለሁ፣ በሙቀት አትከራከሩኝ። ናይትረስ ቦምቦላ ውስጥ ፈሳሽ ነው፤ ግፊቱን የሚወስነው ሙቀቱ ነው። በ20 ዲግሪ 50 ባር ገደማ ይሆናል። በ30 ዲግሪ 63 ይደርሳል። አብዛኛው ኪት የተለካው ከ62 እስከ 69 ባር ላለው ግፊት ነው። ከ36 ዲግሪ ትንሽ ሲያልፍ ግን ፈሳሽ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ግፊቱም ሽቅብ ይወጣል። ሰኔ ላይ ከዚራ ዛፍ ሥር እንኳ ስንት ዲግሪ እንደሆነ አንተው ታውቃለህ። ፀሐይ ላይ ተዘግታ የዋለች መኪና ውስጥማ አይወራ።

ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የሚወጣው ጋዝ መጠን ይዛባል፤ ቤንዚኑ ግን ባለበት ነው። ማታ ሐረር ላይ ደግሞ ቦምቦላው ይበርዳል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል። በአንድ ቅዳሜ ሁለት ዓይነት መኪና ትነዳለህ ማለት ነው። የግፊት ጌጅ ሳታስገባ አትጀምር። የቦምቦላ ማሞቂያ ግን ለድሬ አታውጣበት፣ እዚህ ማሞቂያው ነፃ ነው። ግፊት አነሰ ብሎ ቦምቦላ በእሳት የሚያሞቅ ሰው ካየህ ሩጥ።

ሌላም አለ። ሴሊካ ላይ ፖርታባጋሊውና መቀመጫው አንድ ክፍል ነው፣ የኋላው መስታወት አብሮ ነው የሚከፈተው። ቦምቦላው ላይ ግፊት ሲበዛ የሚቀደድ ዲስክ አለ። ቢቀደድ ያ ሁሉ ጋዝ አንተው ጋ ይመጣል፣ የምትተነፍሰውን አየር ያስወጣብሃል። ስለዚህ ከዲስኩ ወደ ውጭ የሚወስድ ቱቦ የግድ ነው። ቦምቦላው በብሎን ከመኪናው ብረት ጋር ይታሰር። በገመድና በላስቲክ የታሰረ አይቻለሁ፤ ግጭት ላይ ያ ነገር የመድፍ ጥይት ነው። መኪናዋ ስትቆም ቫልቩን ዝጋው፣ ሁልጊዜ። ሙቀት ሲበረታ ፈተህ ቤት አስገባው።

404፦
ሆስፒታል አካባቢ ሰው የለህም? ማደንዘዣው እኮ ያው ናይትረስ ነው ይባላል።

ከዱባይ ተመላሽ፦
አቦ ተው! ያ የታማሚ ነው። ደግሞም አንዳንዱ የሕክምና ቦምቦላ ግማሹ ኦክስጅን ተደርጎ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው፤ ተመልሰን በያጁ ወዳለው ልንገባ ነው። ለመኪና የሚሸጠው ውስጥ ሰው እንዳይስበው ትንሽ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመርበታል። በነገራችን ላይ፣ የአክስትህን ልጅ ደግሞ በሻንጣ ሞልተህ አምጣ እንዳትለው። በአውሮፕላን አይፈቀድም።

የድሮ መካኒክ፦
ልጄ፣ ሁሉም ስለ ጋዙ አወራ፤ ስለ ሞተሩ የጠየቀህ የለም። ዘይት ትበላለች? ሳትደብቀኝ።

ቀይ ሴሊካ፦
ጋሼ፣ እውነቱን ለመናገር ትበላለች። ሐረር ሁለት ሦስቴ ደርሼ ስመለስ ግማሽ ሊትር እጨምራለሁ። ጭስ ግን ብዙም አይታይም።

የድሮ መካኒክ፦
ጠርጥሬ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ ፒስቶኑ ላይ ዘይት የሚመለስበት ቀዳዳ ጥቂትና ጠባብ ነው። ይደፈናል። የዘይት ፋሻው፣ ማለትም ፒስቶኑን የሚከበው ቀለበት፣ ይጣበቅና ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ፒስቶኑን ቀይሮታል። ለዚሁ ብዬ ስንቱን ኮሮላ ፈትቻለሁ።

ዘይት ከቤንዚን ጋር ሲቃጠል ኦክቴኑን፣ ማለትም ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የሚችለውን ያህል፣ ያወርደዋል። ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ያለ ናይትረስ ሲያንኳኳ እግርህን ታነሳለህ፣ ያልፋል። ናይትረስ ላይ ግን እግርህን እስክታነሳ አይጠብቅህም። ሰልፍ ሰልችቶህ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የምትገዛውን ቤንዚንም አስብ። ላምባ የነካው ከሆነ ያው ማንኳኳት ነው።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አምቆ የሚይዘውን ግፊት፣ አስለካ። ሞተሩ ሙቅ ይሁን፣ የኢንጄክተርና የኮይል ፊውዝ ይነቀል፣ አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ይረገጥ። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ስለሆነች ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ቢል አትደንግጥ። ማየት ያለብህ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ ወርዶ ካገኘኸው አንድ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምርና ድገመው። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ ነው። ካልወጣ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ነው።

ከዱባይ ተመላሽ፦
ጋሼ ያሉት ይቅደም። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ 1ዜድዜድ ትንሽ መጠን ይችላል። 50 ብለህ አትጀምር፣ ከ35ቱ ጄት (የሚረጨውን መጠን ከሚወስነው ቀዳዳ) ጀምር። ጋዙ የሚከፈተው ነዳጅ መስጫው ሙሉ ሲረገጥ ብቻ ይሁን፤ ለዚያ የሚሆን ማብሪያ ኪቱ ውስጥ አለ። ከ3,000 ዙር በታች እንዳይከፍት የሚያደርግ ዕቃ ጨምርበት። የቤንዚን ግፊት ሲወርድ ጋዙን የሚዘጋ ማብሪያም አድርግ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሽቦው በፊውዝና በሪሌ ይሂድ። ካንዴላው አንድ ደረጃ ቀዝቀዝ ያለ ይሁን። ለ50 ፈረስ ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ወደ 2 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። ያንተ መኪና ዲስትሪቢዩተር ስለሌላት በኮምፒውተር የሚያስተካክል ሰው ያስፈልግሃል። ያ ሰው ከሌለ ግን ኪቱን ግድግዳ ላይ ስቀለው።

404፦
የሆስፒታሉን ነገር ይቅር በሉኝ። ግን ከሐረር ሆኜ አንድ ነገር ልጠይቅ። ችግርህ ደንገጎ ነው አይደል? ያ ቦምቦላ በ50 ፈረስ ስንት ደቂቃ ይሄዳል?

ከዱባይ ተመላሽ፦
ያለማቋረጥ ከተረገጠ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ደቂቃ። እሱም በ10 በ10 ሴኮንድ ነው እንጂ ያለማቋረጥ አይረገጥም። ጠመዝማዛ ላይማ ጭራሽ።

404፦
በቃ፣ ደንገጎን ሳትጨርስ ጋዙ ያልቃል! እዚያ ላይ ደግሞ ቀጥ ያለ መንገድ የት አለ? አይሱዙው እንደሆነ ከኋላህ ነው።

ጉልበት ያነሰህ ከፍታው ስለሚበላብህ ነው። አየሩ ድሬ ላይ ከባሕር ወለል 12 በመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ሐረር ስትደርስ 20 በመቶ። ከፋብሪካ 140 ፈረስ የተባለች ሴሊካ ሐረር በር ስትደርስ ወደ 112 ወርዳለች። በዚያ ላይ ኤሲ ከፍተህ አራተኛ ላይ ትወጣታለህ፣ አውቅሃለሁ። ያቺ ሞተር የምታምረው ዙሯ ሲወጣ ነው። ሦስተኛ አስገባና ከ4,000 በላይ ያዛት። የአየር ፊልትሮዋን አውጥተህ እያት፣ የድሬ አቧራ ይደፍነዋል።

የእኔ ፔጆ በስንት ፈረስ ነው ደንገጎን የምትወጣው? እዚህ ሐረር የልብስ ሰፊዎቹ መንገድ መኪና ግርግር ላይ ካሉት የስፌት መኪናዎች ብዙም አትበልጥም። ግን ትወጣለች። አይሱዙ ሲመጣ ቀኝ ይዤ አሳልፈዋለሁ።

ቀይ ሴሊካ (ከ12 ቀን በኋላ)፦
ጀመዓ ተመልሻለሁ። ኮምፕሬሽን አስለካሁ። በፒኤስአይ (ሌላው የግፊት መለኪያ) አንደኛው ሲሊንደር 165፣ ሁለተኛ 160፣ አራተኛ 165። ሦስተኛው 120! ማንኪያ ዘይት ስንጨምርበት 155 ወጣ። ጋሼ፣ እንዳሉት ፋሻ ነው። የሦስተኛው ካንዴላ ከሰል መስሏል። ልጁ ካንዴላውን እያሳየኝ «በዚህ ላይ ነው ናይትረስ ልትረጭ የነበረው?» ብሎ ሳቀብኝ።

ፊልትሮውን ቀየርኩ፣ ሦስተኛ ላይ መውጣት ጀመርኩ። ልዩነት አለው፣ አልዋሽም። አይሱዙው አሁንም ይነፋል።

ቶዮታ በኋላ የቀየረውን ፒስቶን ከነፋሻው ላዝ ነው። ቦምቦላው አልጋ ሥር ነው። ባለቤቴ ትንሽ ቡታጋዝ መስሏት ከምድጃው ጋር ልታገናኘው ስትል ደረስኩ። ባዶ ነው ብዬ ማልኩላት፣ አላመነችኝም።

የድሮ መካኒክ፦
ጎበዝ። ስታዝ የቫልቭ ሲሎቹንና የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን አብረህ እዘዝ፤ ሁለቴ አይፈታም። ዕቃው ሲመጣ ሲሊንደሩ ሳይለካ ፋሻ እንዳያስገቡልህ፣ አጠገባቸው ቁም።